ምድጃው ላይ የተለጠፈው ሰውዬ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጃንዋሪ 11፣ 2026

ብሩኬ፣

እንደምን ከርመሻል? ንዋይስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው፤ ትንሽ ሳል ጀምሮታል እንጂ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ ሁለት ቀን አልፏል፤ መልሱን የጀመርኩት ግን ዛሬ ነው። ይቅርታ። ጻፊልኝ ባትዪኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም፤ ስልክ ላይ ድምፅሽን ስሰማ ለመናገር ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኛል። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያየኝም።

ለጠየቅሽኝ መልሱ፣ አይ፣ አባባ ደብዳቤዎችሽን አያያቸውም። አንቺ ካገባሽ በኋላ ወደዚህ ቤዝመንት እንደገባን ነግሬሻለሁ። የፖስታ ሣጥኑ የባለቤቷ የእማማ ሼን ነው። ቻይናዊት ናቸው፤ ሰባ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ላይ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ቀን የአንቺን ፖስታ ይዘው ወደ ታች ሲወርዱ በሩን አባባ ከፈተላቸው። ፊቱን አዩና ፖስታውን ሹራባቸው ውስጥ ሸጎጡት። እኔ ምንም ነግሬያቸው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤሽ ሲመጣ ሩዝ ማብሰያው ሥር ነው የማገኘው። ወጥ ቤቱ አንድ ነው፤ የምናበስለው ላይ ወጥተን ከእሳቸው ጋር ነው።

በምን ቋንቋ ነው የምትግባቡት ብለሻል። የእሳቸው እንግሊዝኛና የኔ እንግሊዝኛ ቢደመር አንድ ሙሉ ሰው አይሞላም። ግን እሳቸው አይቸኩሉም፤ እኔም አልቸኩልም።

አባባ ያው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፓርኪንግ ጋራዡ ይውላል። እሁድ ቸርች በር ላይ ቆሞ ሰው ይቀበላል፤ የሚገባውን ሁሉ እጅ በሁለት እጁ ይዞ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ይላል። ቤት ሲገባ ዝም ነው። ያን ቀን ለአንቺ ከተናገረው በኋላ ብዙ ቃል የቀረው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ረቡዕ ራት ላይ ሲጸልይ ስምሽን ጠራ። "ብሩክታይትንም አስባት" አለ። ከዚያ አሜን ብለን በላን። ይኸው ነው። ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ፤ ብዙ አትጠይቂኝ።

ሌላ ምን አለ? ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ ጺማም፣ ፊቱ ቀይ፣ ተቀምጦ እኛን የሚያይ ሰውዬ ነው። አባባ "ጣዖት ነው፤ እንዳትነኪው" ብሎኛል፤ ሽንኩርት ሲከትፍ ጀርባውን ይሰጠዋል። እማማ ሼንን ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው "የቤት ወሬ አመላላሽ" ብለውኝ ሳቁ።

እህትሽ ዕድላዊት


አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ጃንዋሪ 17፣ 2026

ዕድልዬ፣

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ቆሜ፣ ቀጥሎ ተቀምጬ፣ ሦስተኛ ለንዋይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ንዋይ "የአባትሽ ጸሎት ከሠመረ የኔ ማተብ ይበጠሳል ማለት ነው?" እያለ ያሾፋል። አትፍረጂበት፤ እሱም ደስ ብሎት ነው።

በስሜ ነው የጠራኝ? ወይስ "ልጄን" ብሎ? አስታውሺና ጻፊልኝ። "ኦርቶዶክስ አግብተሽ፣ ለዚያ ሠርግ ከዚህ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ አትግቢ" ካለኝ አሥራ አራት ወር ሆነው። እማዬ ከሞተች በኋላ ሁለታችንን አዲስ አበባ ትቶን እዚህ ብቻውን ሲደክም የኖረ ሰው ነው፤ እኔን ለማምጣት ስንት ዓመት እንደጠበቀ አውቃለሁ። ስለዚህ ልጠላው አልቻልኩም። ብጠላው ይቀለኝ ነበር።

አሁን የምጽፍልሽን አራት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አርግዣለሁ። ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ የምወልደው አፕሪል ላይ ነው። ቀድሜ ያልነገርኩሽ አንቺን እዚያ ቤት ውስጥ ይህን ይዘሽ እንድትቀመጪ ስላልፈለግኩ ነው። ለአባባ እንዳትነግሪው። እኔው ራሴ፣ ፊቱ ቆሜ ልነግረው እፈልጋለሁ። ከጸለየልኝ ደግሞ መንገድ አለ ማለት ነው።

ብሩክታይት


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጃንዋሪ 24፣ 2026

ብሩኬ፣

እንኳን ደስ አለሽ! ደብዳቤሽን ሩዝ ማብሰያው ሥር አግኝቼ እዚያው ቆሜ ነው ያነበብኩት። አለቀስኩ መሰለኝ፤ እማማ ሼን ሽንኩርት በሌለበት የሽንኩርት ቢላ እጄ ላይ አደረጉልኝ፤ አባባ ቢመጣ ምክንያት እንዲኖረኝ። ምን እንደጻፍሽልኝ አልነገርኳቸውም። ለማንም አልነግርም።

በስምሽ ነው የጠራሽ። አዎ፣ በስምሽ።

እሱን ከዚህ በላይ አላስታውሰውም፤ ስለዚህ የጺማሙን ሰውዬ ነገር ልንገርሽ። እማማ ሼን ዱቄት እያቦኩ ሙሉ ታሪኩን ነገሩኝ። ቃል ሲጠፋቸው በሊጡ ሰው ሠርተው ያሳዩኝ ነበር።

በድሮ ዘመን ዣንግ የሚባል ሰው ነበር። ደግ ሚስት ነበረችው፤ ቤቱ የሞላው በእሷ እጅ ነበር። እሱ ግን ሌላ ሴት ወደደና ሚስቱን ከቤት አስወጣት። እሷ ከወጣች በኋላ ቤቱ ባዶ ሆነ፣ ሁለተኛዋም ጥላው ሄደች፣ በመጨረሻም ዓይኑ ጠፋ። በትር ይዞ በየደጁ መለመን ጀመረ። አንድ ቀን በብርድ ላይ አንዲት ሴት ደጅ ደረሰ። ሴትዮዋ አስገባችው፤ እሳት አጠገብ አስቀመጠችው፤ አበላችው። የጎረሰውን ሲያላምጥ ማልቀስ ጀመረ። "ምን ሆንክ?" አለችው። "እንዲህ አድርጋ የምታበስል ሚስት ነበረችኝ፤ አባረርኳት" አላት። "ዓይንህን ግለጥ" አለችው። ገለጠው፤ አየ። ራሷ ናት። ኃፍረቱን መሸከም አቃተውና የሚነደው ምድጃ ውስጥ ገባ። እሷ እግሩን ይዛ ጎተተች፤ እጇ ላይ የቀረው አንድ እግሩ ብቻ ነው። በእማማ ሼን አገር እስከ ዛሬ የእሳት መቆስቆሻውን "የዣንግ እግር" ይሉታል። ሴትዮዋ ሥዕሉን አሠርታ ከምድጃዋ በላይ ሰቀለችው። የሰማይ ንጉሥም የወጥ ቤት ሹም አደረገው። እዚያ ተቀምጦ ዓመቱን ሙሉ በየቤቱ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል።

የእነሱ ዘመን መለወጫ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ለንጉሡ የቤቱን ነገር ሁሉ ሊናገር። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ አፉን ጣፋጭ ይቀቡታል። ማር፣ ወይም እንደ ሙጫ የሚሳብ ከረሜላ። ከዚያ ወረቀቱን ያቃጥሉታል፤ በጭሱ ይወጣል።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ቀለል አለኝ ብሩኬ። እንግዲህ ሰማይ ላይ እንኳን ወሬ ሲደርስ ማር ይቀባል ማለት ነው። አንዱን ከሌላው ጋር የሚያስታርቅ ሰው ትንሽ ማጣፈጥ የተፈቀደለት መሰለኝ። ለምን እንደጻፍኩልሽ አላውቅም። ብቻ ደስ አለኝ።

አባባ ደህና ነው። ትናንት "ቨርጂኒያ በኩል በረዶው ይብሳል አሉ" አለኝ። "አላውቅም" አልኩት። እዚህ ደጃፋችን የተቆለለውን በረዶ ትቶ ለምን የቨርጂኒያው እንዳሳሰበው አልገባኝም።

ዕድላዊት


አሌክሳንድሪያ፣ ፌብሩዋሪ 3፣ 2026

ዕድልዬ፣

አንድ ልጅ ስለ በረዶ የሚጠይቅ አባት ካላት፣ አባቷ የሚጠይቀው ስለ በረዶ አይደለም። ሞኝ ነሽ።

ወስኛለሁ። በስሜ ከጠራኝ እመጣለሁ። ሰኞ ፌብሩዋሪ 16 የፕሬዚዳንቶች ቀን ነው፤ እኔም ኦፍ ነኝ፣ አባባም ጋራዡ ዝግ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ንዋይ ያደርሰኝና መኪና ውስጥ ይጠብቀኛል፤ ይህን ራሱ ነው ያለው። ትልቁን ካፖርቴን ብለብስ እንኳን አሁን አይደብቀኝም፤ እንዲደብቀኝም አልፈልግም። የዚያ ሰውዬሽ ሚስት ጠንካራ ናት። እኔ እንደ እሷ አይደለሁም፤ አንድ ጊዜ ከበር ተመልሻለሁ፤ ሁለተኛውን ግን አልችለውም። ሊሆን የማይችል ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ።

ብሩክታይት


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፌብሩዋሪ 11፣ 2026

ብሩኬ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ንዋይ አጠገብሽ ካለ ጥሩ ነው።

በመጀመሪያ ይቅርታ። "አሁን ንገሪኝ" ያልሽኝ ከሳምንት በፊት ነው። በየቀኑ ወረቀት አወጣለሁ፤ በየቀኑ እመልሰዋለሁ።

ትናንት ሰውዬው የሚሸኝበት ቀን ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማ ሼን ወጥ ቤቱን አጥበው፣ ከረሜላውን የምታመጣላቸውን ልጃቸውን ግሬስን እየጠበቁ ነበር። ግሬስ ከሮክቪል ኮል አደረገች፤ ረስታዋለች። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። "እማ፣ ማንኛውንም የሚጣበቅ ነገር አድርጊበት፤ ዋናው ነገር አፉ እንዳይከፈት ነው!" ብላ ሳቀች። እማማ ሼን ስልኩን ዘጉና "ሙጫ ቢሆን የሚፈለገው ሙጫ እንቀባው ነበር" አሉኝ። ከዚያ ያሉኝን እንዳለ ልጻፍልሽ። "ይሄ ሰውዬ ሚስቱን ያባረረ ነው። እሱ አፈረ፤ ነደደ። የሰማይ ንጉሥ ስንት ጻድቅ እያለ ለምን እሱን መረጠ? የራሱን ኃፍረት የቀመሰ ሰው የሰው ገመና ሲናገር ደስ አይለውም። ግን ይናገራል። ሁሉንም ይናገራል። ማሩን የምንቀባው እንዳይናገር አይደለም፤ የቤታችንን መራራ ሲናገር አፉን እንዳይመረው ነው።"

እኔ ያን ጊዜ ለአንቺ የጻፍኩት ትዝ አለኝ። ወደ ታች ወርጄ የእኛን ማር አመጣሁ። የእሳቸው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ወንበር ላይ ወጥቼ እኔ ቀባሁት።

ያን ጊዜ ነው አባባ የመጣው። ሳሉ ስለባሰበት ቤት ውሎ ነበር። "ማሩን የት አደረግሽው?" እያለ ደረጃውን ወጣና ወንበር ላይ ቆሜ፣ ጣቴን የሰውዬው አፍ ላይ አድርጌ አገኘኝ።

"ዕድላዊት! ምን እየሠራሽ ነው?"

"ማር እየቀባሁት ነው" አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

"የኔን ማር?"

"አዎ።"

"እኔ በሳል ልሞት ነው፤ አንቺ ጣዖት ታጎርሻለሽ!"

እማማ ሼን "ሚስተር ዘገዬ፣ ሻይ?" አሉት። አልሰማቸውም። "ማን መሆኑን እንኳ ታውቂያለሽ? ማን እንደሆነ ሳታውቂ ነው ያጎረስሽው?"

አንቺ አታምኚኝም ብሩኬ፤ ነገርኩት። ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ሙሉ ታሪኩን ነገርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ብዙ ተናግሬ አላውቅም። ሴትዮዋ ጋ ስደርስ አቋረጠኝ።

"እያወቀችው ነው ያበላችው?"

"እያወቀችው።"

"እሱ አላወቃትም?"

"እስኪቀምስ ድረስ።"

ፊቱ ጠቆረ። "ይሄን ለኔ እንድትነግሪኝ ማን ነው ያስተማረሽ? እህትሽ ናት?"

"እህትሽ" አለ። በአሥራ አራት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰማሁት። አሁን የገባሽ ይመስለኛል።

"ትጽፊላታለሽ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ምን ብለሽ?"

ከወንበሩ ወረድኩ። "ስትጸልይ ስሟን ጠራህ ብዬ ጻፍኩላት። በስሟ ነው ብዬ ሁለተኛ ጻፍኩላት። ዋሸኋት። እሷም አምናኝ ሰኞ ልትመጣ ነው" አልኩት።

አባባ ተቀመጠ። ብዙ ሳለ። እማማ ሼን ሻዩን አስቀመጡለትና ወደ ጓሮ ወጡ፤ ቋንቋችንን አያውቁም፤ ግን ወጡ።

"ዋሸሽ" አለ።

"አዎ።"

"በምን አወቅሽ?"

"ምኑን?"

"አለመጥራቴን። አንቺ የምትሰሚው ድምፄን ነው። ከድምፄ ሌላ ምን ሰምተሻል?"

ሻዩን ጠጣ፤ ማሩን ይዞ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ተቆጥቶ ይሁን ሌላ ነገር፣ ማወቅ አልቻልኩም። ሰኞ በሩን ይከፍትልሽ እንደሆነም አላውቅም። ይከፍትልሻል ብዬ መጻፍ ምንኛ በፈለግኩ።

ስለ እርግዝናሽ ግን አልነገርኩትም። ውሸቱ የኔ ነው፤ ያ ግን የአንቺ ነው።

ወረቀቱን ጓሮ ውስጥ ብረት ምጣድ ላይ አቃጠልነው። አሁን ከምድጃው በላይ ምንም የለም። እስከ ሰኞ ድረስ ማንም አያየንም አሉ እማማ ሼን፤ አዲሱ የሚለጠፈው ሰኞ፣ በዘመን መለወጫቸው ዋዜማ ነው።

ይቅር በዪኝ።

ዕድላዊት


አሌክሳንድሪያ፣ ፌብሩዋሪ 14፣ 2026

ዕድላዊት፣

አልመጣም። በዚህ ሆዴ በሩ ላይ ቆሜ ያንን ቃል ዳግመኛ አልሰማም።

አንቺ ላይ መቆጣት አልፈልግም ነበር፤ ግን ተቆጥቻለሁ። አንድ ወር ሙሉ ደስ ብሎኝ ከረምኩ። አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር። ለልጄ በሆዴ እያለ "አያትህ ስሜን ጠራ" ብዬ ነገርኩት። አሁን ምን ብዬ ነው የማስተካክለው? ደግ አስበሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ያንን ማወቄ ነው የባሰ ያናደደኝ፤ በደንብ እንኳን እንዳልቆጣሽ አደረገኝ።

ለጊዜው አትጻፊልኝ።

ሳሉ ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው? ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ብሩክታይት


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፌብሩዋሪ 18፣ 2026

ብሩኬ፣

አትጻፊ ብለሻል። የሳሉን ግን ጠይቀሻል፤ ስለዚህ የምጽፈው ስለ ሳሉ ነው። ደረቅ ነው። ቀንሶለታል። ሐኪም ቤት አልሄድም ብሏል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ማክሰኞ ነው። ስለዚህ ሰኞ እንደማትመጪ አላወቅንም ነበር። አባባ ጠዋት ተነሥቶ ከደጃፉ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ በረዶውን ጠረገ። ከዚያ የእሁድ ሸሚዙን ለበሰ። ለምን እንደለበሰ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልተናገረም። እማማ ሼን አዲሱን ወረቀት ሊለጥፉ ወንበር ላይ ሲወጡ ሮጦ ወንበሩን ያዘላቸው። እኔ ሳየው "ወንበሩን ነው የያዝኩት፤ ወረቀቱን አልነካሁም" አለኝ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። መስኮቱ ጋ ቆመ። አንድ መኪና መንገዱ ላይ ሲያዘገይ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ፤ ፒዛ አድራሽ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ "ድልድዩ ላይ ትራፊክ ይኖራል" አለ። ከዚያ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ።

ደብዳቤሽን እማማ ሼን ሩዝ ማብሰያው ሥር አላስቀመጡትም። አባባ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አባባ ፖስታውን አየና "አንብቢው" አለኝ። "እንዳለ አንብቢው" አለኝ። አነበብኩለት፤ "አልመጣም" የሚለውን፣ አውቶቡሱን፣ ሁሉንም። ስለ ሆድሽና ስለ ልጁ ያለውን ብቻ ዘለልኩት፤ እሱን ራስሽ ስትነግሪው ነው የሚሻለው። ሌላ ምንም አልዘለልኩም፤ ምንም አልጨመርኩም።

ሲያልቅ ፖስታውን ተቀብሎኝ አገላበጠው። በስተግራ ጥግ የጻፍሽውን አድራሻ ራቅ አድርጎ ይዞ ቀስ እያለ አነበበ፤ የመንገዱን ስም፣ የቤቱን ቁጥር። "ሦስተኛ ፎቅ ናት?" አለኝ። "አላውቅም፤ ሄጄ አላውቅም" አልኩት። እሱን ስናገር ሁለታችንም አፈርን።

ዕድላዊት


አሌክሳንድሪያ፣ ፌብሩዋሪ 22፣ 2026

ዕድልዬ፣

አባባ መጣ።

ትናንት ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከታች ደወሉ ተደወለ። "ማን ነው?" አልኩ። "ዘገዬ" አለ። አባትሽ ነኝ አላለም። ዘገዬ። እጄ ላይ ማንኪያ ነበር፤ እሱን እንደያዝኩ በሩን ከፈትኩ።

አየኝ። ሆዴን አየ። ከዚያ ወደ ታች አየና "እግርሽ አብጧል" አለኝ። "ተቀመጪ።" በገዛ ቤቴ ተቀመጪ አለኝ፤ እሱ ገና ደጅ ቆሞ!

"ግባ እንጂ" አልኩት።

"አልተጠራሁም" አለ።

"አባት ተጠርቶ ነው የሚመጣው?"

ገባ። ማኮሮኒ እየሠራሁ ነበር፤ አቀረብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ለጸሎት ጎንበስ አለ። ጠበቅኩ። ብዙ ቆየ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። በመጨረሻ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

ንዋይ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የተናገረው "ቦታዬ ላይ ማን ነው ያቆመው?" የሚል ነው። አባባ ተነሣ። ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ የሚሠራ ሰው የሌላ ሰው ፓርኪንግ ላይ አቁሞ! ንዋይ አወቀውና ደነገጠ። "አይ ጋሼ፣ የርስዎ ከሆነ ይቁም፤ የኔን መንገድ ላይ አደርገዋለሁ" አለ። አባባም፣ "ስማ ልጄ፣ ሠርጉን አልደገፍኩም፤ ዛሬም አልደግፈውም" አለው። ንዋይ "ሠርጉማ አለፈ፣ ጋሼ" አለ። ከዚያ ሁለቱ አብረው መኪና ሊያዛውሩ ወረዱ፤ ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ምን እንዳወሩ ሁለቱም አልነገሩኝም።

ያለውን ቃል አልመለሰም። ይቅርታም አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ሲወጣ መቼ እንደምወልድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

"ዕድላዊት ነግራህ ነበር?" ብዬ ሳልጨርስ "አልተነገረኝም፤ አየሁት" አለ። ስለዚህ ምስጢሬን ጠብቀሻል። ቁጣዬ ገና አልወጣልኝም፤ ግን እየወጣልኝ ነው። አሁን ደግሞ ጻፊልኝ። ቤት ሲገባ ምን አለ? እንዳለ ጻፊው።

ብሩክታይት


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፌብሩዋሪ 25፣ 2026

ብሩኬ፣

እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። እኔና እማማ ሼን ወጥ ቤት ነበርን። ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እማማ ሼን "ሚስተር ዘገዬ፣ ዶተር ጉድ?" አሉት፤ ልጅህ ደህና ናት ወይ ማለታቸው ነው። "ቬሪ ጉድ" አለና ወዲያው ራሱን ነቀነቀ፤ ያልተመቸው ነገር ያለ ይመስል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ጀመረ።

"እግሯ አብጧል" አለ። "ቤቱ ይሞቃል፤ መስኮቱ ግን ይነፍሳል፤ ልጁ በጨርቅ ወትፎታል፤ በጨርቅ አይሆንም። ማተቡን አላወለቀም። ሳህኑን ራሱ ያጥባል። ማኮሮኒው ጨው በዝቶበታል። አያት ልሆን ነው።"

በዚህ ቅደም ተከተል ነው የተናገረው። መጨረሻውን ሲናገር ድምፁ ተሰበረ፤ እማማ ሼን ምን እንደተባለ ሳይገባቸው እጁን ያዙት፤ እሱም አልነጠቃቸውም።

ትናንት ከሥራ ሲመለስ የመስኮት ማሸጊያ ገዝቶ መጥቷል። ቅዳሜ እንሄዳለን አለኝ። "ሁለታችንም?" አልኩት። "ታዲያ መሰላሉን ማን ይይዝልኛል?" አለ። የሠርግሽ ቀን መጥቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ደብዳቤ ባልጻፍኩልሽ። ስመጣ ምን እንደምል አላውቅም፤ ምናልባት ዝም እላለሁ፤ አንቺ ግን አቅፊኝ።

ይህ ደብዳቤ እስከ ቅዳሜ ይደርስሽ እንደሆነ እንጃ። እኛ ከቀደምነው እዚያው አብረን እናነበዋለን። ከቀደመን ግን ጨው ቀንሺ።

ዕድላዊት